የደምሴ ብልቃጦች በድሬዳዋ

ባለቤቴ ደምሴና እኔ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ቁጥር መጻፍ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱ የወረቀት ፕላስተር በመቀስ እየቆረጠ በላስቲክ ላይ ይደረድራል፤ እኔ ብልቃጦቹ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር በእርሳስ እጽፍበታለሁ። እስክሪብቶ በብርድ ይለቃል፣ እርሳስ አይለቅም ይላል። የእሱ ጽሕፈት የሐኪም ስለሆነና እኔ ሠላሳ ዓመት ያህል አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ስለሆንኩ ይህ ሥራ ድሮም የእኔ ነበር። «ከስልሳ አንድ ጀምሪ» አለኝ። ሰባ ሦስት ላይ ስደርስ ሻዩን ደፋብኝና ተጨቃጨቅን። «ጠረጴዛው ይታጠባል፤ ወረቀቱን አድኚ!» ብሎ ጮኸ። ወረቀቱን አዳንኩ፣ የጠረጴዛው ልብስ ግን እስካሁን ቡናማ ነው። ሰማንያ ላይ አቆምን። በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ ደረጃው ላይ ወደቀና አልተነሳም።

ሥራው ምን እንደነበረ አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ጉዞዬ የእብድ ጉዞ ይመስላል። ሕፃን ሲወለድ አንጀቱ አዲስ ቤት ነው። ብዙም ሳይቆይ ባክቴሪያዎች ይገቡበታል፤ የሚጠቅሙም፣ የሚጎዱም። ሁሉም ማለት ይቻላል ብረት ይፈልጋሉ። የእናት ጡት ወተት ደግሞ ብረቱ ጥቂት ነው፤ ያችኑም ጥቂት ወተቱ ራሱ አጥብቆ ይይዛታል። ጎጂዎቹ ብረት መንጠቂያ እንዳላቸው ከታወቀ ቆይቷል። ጡት በሚጠባ ሕፃን አንጀት ውስጥ የሚበዙት ጠቃሚዎቹ ግን ብረታቸውን ከየት ያመጣሉ? ደምሴ «ሌባው እንዴት እንደሚሰርቅ እናውቃለን፤ ጨዋው ምን በልቶ እንደሚያድር የጠየቀ ግን ጥቂት ነው» ይል ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልገው የሕፃናት ሰገራ ነው። እኛ ልጅ አልወለድንም። ጎረቤቶቻችን «ዶክተሩ የሰው ልጅ ዳይፐር ሲሰበስብ ይኖራል» እያሉ ይስቁ ነበር። ሰምቼ አልነገርኩትም።

ሕፃናቱን ከድሬዳዋ የመረጠው እዚያ ሁሉም እናት ስላለች ነው፤ የከተማዋ፣ የገጠሩ የዋሂሏ፣ የግመል ወተት የምትጠጣዋ። ናሙናዎቹ የተቀመጡት እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ነበር። ከሞተ በስምንተኛው ወር ተማሪው ለነበረችው ለምሕረት መልእክት ደረሳት፤ ፍሪዘሩ ሞልቷል፣ ባለቤት የሌላቸው ሳጥኖች ሐሙስ ይወገዳሉ። ምሕረት አሁን ሥራውን የያዘችው እሷ ናት፤ ግን ከወለደች ገና አሥር ቀኗ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና «እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኔ እሄዳለሁ» ስትለኝ ተቆጣኋት። የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። አንድ ሻንጣና ብልቃጦቹን በብርድ የማመጣበት አንድ የናይትሮጅን ጣሳ ይዣለሁ። ጣሳው የወተት ጣሳ ይመስላል፣ ክዳኑ ትልቅ ቡሽ ነው፣ ውስጡ ነፍስ የሚያደርቅ ቅዝቃዜ አለ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ካልጫንኩት አለ። መቆም አለበት፣ መንጋደድ የለበትም ብዬ ብነግረው አልሰማ አለኝ። በመጨረሻ ጉልበቴ መሃል አቁሜው ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ተጓዝኩ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሂርና የሚወርዱ ገበሬ ነበሩ። አዳማን እስክናልፍ ታገሡ። ከዚያ አላስቻላቸውም።

«እናቴ፣ ወተት ነው?»

«አይደለም።»

«ቅቤ?»

«አይደለም።»

መተሐራ ስንደርስ ፊታቸው በራ። «አወቅኩት! የፈረንጅ ኮርማ ዘር ነው። እኛ አገር ማዳቀያ ብለው ያመጣሉ፣ እንዲህ ባለ ጣሳ።» ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠሩት መሰለኝ፣ ስለ አንዲት እምቢ ስላለች ላማቸው እስከ አዋሽ ድረስ አጫወቱኝ።

ከአዋሽ በኋላ ያለ አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ውረዱ ተባልን። ፈታሹ ጣሳውን ክፈቺ አለኝ። ብዙ ጊዜ ክፍት መሆን የለበትም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ ጠረጠረ። ከፈትኩት። ነጭ ጉም ቡልቅ ብሎ ወጥቶ በእግራችን ሥር ተንከባለለ። ተሳፋሪው ተበተነ። አንዲት ሴት «ፈንጂ!» ብላ አውቶቡሱ ኋላ ተደበቀች። ፈታሹም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ገበሬው ብቻ አልተነቃነቁም። «ኧረ የላም ነው!» አሉት እየሳቁ። «ከተማ ያደገ ሰው መሆንህ ያስታውቃል። ዝጊው እናቴ፣ ዘሩ ይሞታል።» ፈታሹ አፈረና አሳለፈን። ሠላሳ ዓመት ሐሰት አትናገሩ እያልኩ ልጆች አስተምሬ፣ በኮርማ ዘር ስም ኬላ አለፍኩ። ገበሬው ከምሳ በኋላ ሂርና ስንደርስ «ኮርማው ይባረክ» ብለው ጨብጠውኝ ወረዱ።

አሰበ ተፈሪ ምሳ በላን። ጥብሱ ጠንካራ ነበር፤ ጣሳውን ትቼ መነሳት ስላልቻልኩ አስተናጋጇ የእጅ መታጠቢያ ውሃ እጠረጴዛው ድረስ አመጣችልኝ። ቁልቢን አልፈን ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ተከፈተ ምድጃ ፊታችን ላይ መጣ። እኔ ጥቁር ረጅም እጅጌ ለብሻለሁ። አዲስ አበባ ስነሳ በላዩ ሹራብ ደርቤበት ነበር።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ፔንስዮን ያዝኩ። የማራገቢያውና የመብራቱ ማብሪያ አንድ ነው፤ መብራት ስታጠፉ ነፋሱም ይጠፋል። የፔንስዮኑ ባለቤት ብነግራት አዘነችልኝ እንጂ አልተገረመችም። «አቦ፣ አንሶላውን አርጥበሽ ተጠቅለይበት። ድሬ እንደዚህ ነው የምንተኛው» አለችኝ። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ አንቺ ነው የምትለኝ። እኛ ጋ እንኳን የማያውቅሽ፣ የጎረቤት ልጅም አንቺ አይልሽም። ደክሞኝ ስለነበር አልተከራከርኩም። አንሶላውን አርጥቤ ተኛሁ።

ማክሰኞ

በሙቀቱ ምክንያት እንቅልፍ የያዘኝ ሊነጋ ሲል ነው፤ አርፍጄ ተነሳሁ። ፉል በላሁና መሥሪያ ቤቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ጥበቃው በሩ ሥር ካርቶን ላይ ተጋድሞ ነበር።

«ተዘግቷል።»

«ለምሳ?»

«ለሙቀት። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነይ።»

አዲስ አበባም የምሳ ሰዓት እናውቃለን፤ ለሙቀት የሚዘጋ ቢሮ ግን አይቼ አላውቅም። የኔም ስህተት አለበት፤ ደምሴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፣ ድሬ ጉዳይ ያለው ሰው በጠዋት ይሄዳል ብሎ። ሲነግረኝ አልሰማሁትም ነበር። ኒም ዛፍ ሥር ጣሳዬን አቅፌ ተቀመጥኩ። ጥበቃው ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ካርቶኑን ለእኔ አነጠፈልኝና እሱ አፈሩ ላይ ተኛ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ፎርም ሰጠችኝ።

«እዚህ ጋ ተመራማሪው ራሱ ይፈርማል።»

«ተመራማሪው ሞቷል።»

«አላህ ይርሀመው። ወኪል የለውም?»

«ሚስቱ ነኝ።»

«የውክልና ወረቀት አለሽ?»

«የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ውክልና ይሰጣል?»

ትንሽ አሰበች። «እውነትሽን ነው» አለችና ፎርሙን መልሳ እጄ ላይ አደረገችው። «ግን ፎርሙ እንዲህ ነው የሚለው።»

የጋብቻውን ወረቀት አወጣሁ፣ የሞቱን ወረቀት አወጣሁ፣ የምሕረትን ደብዳቤ አወጣሁ። ሁሉንም በየተራ አነበበች። ወራሽነትሽን አልጠራጠርም፣ የሚፈርመው ግን ኃላፊው ነው፣ ኃላፊው ደግሞ ነገ ነው የሚገባው አለችኝ። ድምፄ ከፍ አለ። ያልኩትን አሁን አልጽፈውም። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ከመሳቢያዋ ቀዝቃዛ ውሃ አውጥታ «ጠጪ፣ ፊትሽ ቀልቷል» አለችኝ። እኛ ጋ እርስዎ እያሉ በር ይዘጉብሻል፤ እዚህ አንቺ እያሉ በሩን ዘግተው ውሃ ያጠጡሻል። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም።

ረቡዕ

በጠዋት ሄድኩ። ኃላፊው መነጽራም፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። ፍሪዘሩን የሚጠብቀውን ከድርን ጠራልኝና ሦስታችን ወረድን። ከድር ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ በዚያ ሙቀት የሱፍ ጓንት ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሰው ነው።

ፍሪዘሩ ሲከፈት ሳጥን በሳጥን ላይ ነው። ሌሎቹ ሳጥኖች ስም አላቸው። ከታች መደርደሪያ ላይ ግን ስም የሌላቸው ስምንት ሳጥኖች ተቆልለዋል። ነገ የሚጣሉት እነዚህ ናቸው።

«የዶክተር ደምሴ የትኛው ነው?» አልኩ።

ከድር ጓንቱን አውጥቶ መልሶ ከተተ። «ከእነዚህ ውስጥ ነው።»

«ስሙ የታለ?»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ኃላፊው ዞሮ አየው። ከድር ወደ እኔ እንጂ ወደ እሱ አላየም። «በሩ ላይም፣ ሳጥኑም ላይ ስሙ ነበረ። ጠዋት ስከፍት ዶክተር ደምሴ፣ ማታ ስዘጋ ዶክተር ደምሴ። የሞተ ሰው ስም ብርድ ውስጥ ተለጥፎ ሲውል ጥሩ ነው? ፋቲሓ እያልኩ እከፍታለሁ፣ ፋቲሓ እያልኩ እዘጋለሁ። ስንት ቀን እችላለሁ? አንድ ቀን ልጬ አነሳሁት። ለክብሩ ብዬ ነው፣ ወላሂ።»

«ታዲያ አሁን በምን ልለየው?»

«እሱን ያኔ አላሰብኩትም።»

መሳቅም መጮኽም አማረኝ። ባለቤቴ ከዚህ ሰው ጋር ሻይ ይጠጣ እንደነበር አውቃለሁ፤ ለክብሩ ብሎ የዕድሜ ልክ ሥራውን ከቆሻሻ ጋር ደባልቆታል። ጓንቱን ተቀብዬ ሳጥኖቹን በየተራ ከፈትኩ። በሁሉም ውስጥ ቁጥር የተለጠፈባቸው ብልቃጦች አሉ። የሌሎቹ የእስክሪብቶ ቁጥር ደብዝዟል። አምስተኛውን ስከፍት የራሴን እጅ አየሁ። ሰባት ቁጥር ላይ መሃሏን በአግድም ጭረት የማደርገው እኔ ነኝ፤ ደምሴ ይስቅብኝ ነበር። ሁለት ሳጥን፣ ከአንድ እስከ ስልሳ።

«ይህ የእኔ ጽሕፈት ነው» አልኩ።

ኃላፊው ቢሮው ወሰደኝና ነጭ ወረቀትና እርሳስ አቀረበልኝ። «ይጻፉ፣ ከአንድ እስከ ስልሳ» አለ፣ እርስዎ ብሎ። የስንቱን ልጅ ጽሕፈት የፈተንኩ ሴት፣ በስተርጅና ለፈተና ተቀመጥኩ። ጻፍኩ። የብልቃጦቹን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ነበርና አስተያየው። ራሱን ነቀነቀ።

«አይመሳሰልም።»

አየሁት። እውነቱን ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰባቶቼ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ ጭረታቸውም ቦታውን ስቷል። ይህን እስከዚያ ቀን ራሴም ልብ አላልኩትም ነበር፤ ማንም ቁጥር እንድጽፍ አዝዞኝ አያውቅማ።

«ሌላ ማስረጃ ከሌለዎት እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ።

የደምሴን ቦርሳ ነበር ይዤ የሄድኩት። ወረቀቶቼን መልሼ ስከት እጄ ላስቲክ ነካ። ያን እሑድ የጻፍኩት ነው፤ ቦርሳው ውስጥ ከቶት ነበር፣ እኔም ማውጣት አልፈለግኩም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ዳሩ በሻይ ቡናማ ሆኗል። ኃላፊው ስልካቸውን አስጠጉ። ያው እርሳስ፣ ያው ፕላስተር፣ ወገቧ ላይ የተጫረባት ያችው ሰባት። ሳጥኖቹ ስልሳ ላይ ያበቃሉ፤ ወረቀቱ ከስልሳ አንድ ይጀምራል።

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን መቼ ነው የጻፉት?»

«በሞተበት ዋዜማ።»

ፎርሙን ጎተቱና ተመራማሪው ይፈርማል የሚለው ቦታ ላይ ወደ እኔ አዞሩት። በተንቀጠቀጠው እጄ ፈረምኩ። እሳቸውም ማህተም መቱበት።

(ኃላፊውን መጀመሪያ አንተ፣ ወረቀቱን ከዘረጋሁ በኋላ አንቱ ማለቴን አይቻለሁ። አላስተካክለውም።)

ስወጣ ከድር በረንዳው ላይ ጠበቀኝ። «አንድ ነገር ቀርቷል። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሂቦ የምትባል ሴት አለች። ዶክተሩ ብልቃጥ ሰጥቷታል። ልውሰድ ብዬ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አልሰጥም ብላ አባረረችኝ።»

ሐሙስ

በጠዋት ከድር ስልሳውን ብልቃጥ አንድ በአንድ ጣሳው ውስጥ አስገባልኝ። ከኋላችን የቀሩት ስድስት ሳጥኖች ወደ ማቃጠያው እየተወሰዱ ነበር። የማን እንደሆኑ ጠየቅኩት። አላውቅም አለኝ፤ ስም አላነሳሁባቸውም፣ እነሱ ድሮም የላቸውም አለ።

ታይዋን በባጃጅ ሄድኩ፣ ጣሳውን አቅፌ። እንደ መርካቶ የጠበበና የተጨናነቀ ነው፣ ግን እንደ መርካቶ አይገፉሽም፤ ይጠሩሻል። ሂቦ የቻርጀርና የስልክ ሽፋን ሱቅ አላት፤ ጥግ ላይ በረዶና የቀዘቀዘ ጭማቂ የምትሸጥበት ፍሪዘር አለ። ድሪያ የሚባለውን ስስ ሰፊ ቀሚስ፣ ቀዩን፣ የለበሰች ወጣት ሴት ናት። ሴት ልጇ እግሯ ሥር ምንጣፍ ላይ ትድሃለች።

የዶክተር ደምሴ ሚስት ነኝ ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ገና ለሌላ ፈተና መቀመጤ ነው ብዬ ወረቀቶቼን ማውጣት ጀመርኩ።

«ተይው» አለች። «ከድር ሞቷል ሲለኝ አላመንኩትም። ዕቃ የፈለገ ሰው ባለቤቱ ሞቷል ነው የሚለው። አንቺን ግን አየሁ። በዚህ ሙቀት ያለ ምክንያት ጥቁር የሚለብስ የለም።» በርጩማ ወደ እኔ ገፋችና «ሐሙስ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር። ሲቀር ሲቀር ሰደብኩት። ብዙ ሰደብኩት። ይቅር በይኝ» አለችኝ።

«እኔም ሰድቤዋለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጇ ስትወለድ ደምሴ ሰገራዋን ሲጠይቃት ሂቦ እምቢ ብላ ነበር፤ የሕፃን ነገር ባዕድ እጅ ከገባ መጥፎ ዓይን፣ መጥፎ ሥራ አለ። እሱ ማንም አይነካውም፣ በእጄ ወስጄ በእጄ አስቀምጣለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ልጅቷ አርባ ቀን ሲሆናት ሰገራዋን ጨምራ ፍሪዘር ውስጥ እንድታኖርለት ባዶ ብልቃጥ ሰጣት። ሞላችው። እሱ አልመጣም።

«አማና ነው፣ አደራ» አለች። «አማና የባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ከሌለ የወራሹ ነው። የከድር አይደለም።»

ከፍሪዘሩ ወለል፣ ከበረዶው ሥር፣ በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጣች።

«መብራት ሲጠፋስ?» አልኳት።

«ሀዬ፣ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ጀኔሬተር አለው። የእሱ ፍሪዘር ውስጥ እከተዋለሁ። መብራቱ ሲመጣ እመልሰዋለሁ። ስምንት ወር እኮ ነው! ልጅቷን እንኳ ያን ያህል አላመላለስኳትም።»

ምን ልበላት? የሱቅ ፍሪዘር የላብራቶሪ ፍሪዘር አይደለም። እነዚህ ባክቴሪያዎች አየር ሲነካቸው እንኳ ይሞታሉ፤ ይህን ደምሴ እራት ላይ ሳይቀር ይነግረኝ ነበር። ስምንት ወር መንገድ አቋርጣ ያመላለሰችው የሞተ ነገር ነው ልበላት? ውጭ ወጥቼ ለምሕረት ደወልኩ። ከኋላዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች።

«ሕይወት ያለው ላይገኝበት ይችላል» አለችኝ። «ግን እነማን እንደነበሩና ብረት ለመያዝ ምን መሣሪያ እንደነበራቸው ከቅሪታቸው ይነበባል። በደንብ የተበላሸም ሊሆን ይችላል፣ አላውቅም። ያምጡት እትዬ።»

ተመልሼ የተነገረኝን እንዳለ ነገርኳት። ሂቦ አልከፋትም። «ምን በልታ እንዳደገች ነው የምትፈልጉት? እኔን አትጠይቁኝም? ጡት ነዋ!» አለችና ሱቁን በሳቅ ሞላችው።

ብልቃጡን በድሪያዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። ከላስቲኩ ላይ ስልሳ አንድን ላጥኩና ለጠፍኩት። ጣሳውን ስከፍት ጉሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ሂቦ ልጇን ብድግ አድርጋ «ቢስሚላህ» አለች። ስልሳ አንድ ገባ። ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም ተባልኩ፤ ሩዝ በፍየል ሥጋ መጣ። ሂቦ እጇን እስክትታጠብ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ከባድ ናት። ጥቁር ቀሚሴ ላይ ሩዝ አራገፈችብኝ።

ዓርብ

ስመለስ ያው ኬላ፣ ሌላ ፈታሽ።

«ምንድነው?»

ውሸት ሰልችቶኝ ነበር። «የስልሳ አንድ ሕፃናት ሰገራ ነው» አልኩት።

እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳ። «እለፊ እናቴ» አለ።

ጣሳውን ማታ ምሕረት ቤት አደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ከስልሳዎቹ ውስጥ የሚበቅሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል፤ ብረት በሌለበት ምግብ ላይ ምን እንደሚያደርጉ እያየች ነው። ስልሳ አንድ አልበቀለም። ቅሪቱ እየተነበበ ነው፤ ውጤቱ ገና ነው። ለሂቦ ስደውል ይህንኑ እነግራታለሁ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ምሕረት ላብራቶሪ እሄዳለሁ። ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ፣ በእርሳስ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ በዝግታ ነው የምጽፈው።